የሳጥኑ ቁልፍ

ኤርሳዶን የማያውቅ ሾፌር በሶዶ መናኸሪያ አይገኝም። የቤተ ክርስቲያኗን ሚኒባስ መንዳት ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ዶሮ እንኳ አልገጨም ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ይህን የሚለው ግን ራሱ ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። የታመመ ይጠይቃል፣ ለቅሶ አይቀርም፣ መኪና የቆመበት ሰው ካለ መጎተቻ ገመዱን ይዞ ይደርሳል። ደግ ነው። ብቻ ደግነቱን ሰው እንዲያይለት ይወዳል፤ ጉዱም የመጣው ከዚያው ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የእናቶች ኅብረት ለሚኒባሱ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን አበረከተ። ነጭ የብረት ሳጥን ነው፤ አንድ ሰው በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ የሚይዘው ያህል። በገበያ ጨርቅ የምትሸጠው ወይዘሮ ዘመነች መድረክ ላይ ወጥታ ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሳች ለምእመናኑ አሳየች፤ ሰፊውን ፋሻ፣ ጠባቡን ፋሻ፣ ጎዙን፣ ጥጡን፣ ጓንቱን፣ መቀሱን፣ አዮዲኑን። ከዚያ ኤርሳዶ ተጠርቶ ወጣና ተረከበ። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ወገኖቼ» አለ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ አሜን አለ። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ለሁሉም ነገር አሜን ይባላል፤ ለስብከቱም፣ ለማስታወቂያውም፣ ጣሪያውን ለመታው ዝናብም። ያቺ አሜን ግን ለእሱ ብቻ የተባለች ነበረችና ከልቡ አልወጣችም።

ሳጥኑን ከሾፌሩ ወንበር ኋላ፣ ተሳፋሪ ሁሉ በሚያየው ቦታ አስቀመጠው።

ወራት አልፈው የቦሎ ጊዜ ደረሰ። ቦሎ የሚያድስ መኪና የእሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን እንዳለው ማሳየት አለበት። የመናኸሪያው ልማድ ደግሞ የታወቀ ነው፤ አንድ ሳጥን ለአሥራ አምስት መኪና ይበቃል። ተመርምሮ የወጣው ገና ለተሰለፈው ያቀብላል፣ እሱም ለሚቀጥለው። እንዲህ ያለው ሳጥን ከመኪናው ይልቅ ሰልፉን ያውቀዋል። ሾፌሮቹ የኤርሳዶን ሙሉ ሳጥን ሲያዩ ዓይናቸው በራ፤ «ጋሽ ኤርሳዶ፣ አንዴ ብቻ» አሉት። እምቢ ማለት የት ያውቅና! ሰጠ።

ሳጥኑ ሲመለስ መቀሱ የለም። ኤርሳዶ አየ፤ ዝም አለ። «መቀሴን መልስ» ብሎ ሰው ፊት መቆም ለእሱ ሞት ነው። ሰው ምን ይለኛል? የጌታ ሰው በመቀስ ተጣላ ይሉኛል። ቀጥሎ አንዱ ጣቱን ቆርጦት ፋሻ ለመነ፤ ሌላው ልጁ ወድቆበት ጥጡን ወሰደ፤ ጓንቱን ጋራዥ ያሉ ልጆች ዘይት ሲቀይሩ ጨረሱት። የወሰደ ሁሉ «እተካለሁ» ብሎ ነበር። ኤርሳዶም «በሚቀጥለው ሳምንት እሞላዋለሁ» ብሎ ነበር። ሁለቱም ከልባቸው ነበር፤ ሁለቱም አላደረጉትም። ዓመት ሲዞር ሳጥኑ ውስጥ የቀረው ባዶ የአዮዲን ጠርሙስ ብቻ ነበር።

ለእናቶች ኅብረት ሄዶ «አልቋል፣ እንሙላው» ቢል ኖሮ በሳምንቱ ይሞላ ነበር። ይሉኝታ ያዘው። ያን ሁሉ ዕቃ አንድ በአንድ ያሳየችው ዘመነች «የት ገባ?» ብትለው ምን ይመልሳል? ስለዚህ ባለጌ እንኳ የማያደርገውን አደረገ። ትንሽ ቢጫ ቁልፍ ያላት ጓጉንቸር ገዝቶ ሳጥኑን ቆለፈው። ሲነሳ ባዶነቱ እንዳይታወቅ ደግሞ ሁለት ያለቀ የፍሬን ሸራ በዘይት በጠቆረ ጨርቅ ጠቅልሎ ውስጡ ከተተ። በሁለተኛው ዓመት ምርመራ መርማሪው ክፈት ሲለው «ቁልፉ ቤት ቀረ» አለ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ መርማሪው ሳጥኑን አነሳ፣ ከበደው፣ አሳለፈው። ኤርሳዶ ያን ቀን እየሳቀ ወጣ። ውሸቷ ተሞክራ ሠርታለችና ከዚያ ወዲህ በምላሱ ሥር ተቀምጣ ቀኗን ጠበቀች።

ቀኗም በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣች። መዘምራኑ በማግሥቱ በተበላ ከተማ ለሚደረገው ጉባኤ እየሄዱ ነበር። ሚኒባሱ ከኋላ ስፒከሮችና የስፒከር ማቆሚያ ብረቶች ተጭነውበት፣ መዘምራኑ እየዘመሩ፣ ዘመነችም ጉባኤው ላይ ከእናቶች ጋር ልትጸልይ አብራቸው ተቀምጣ፣ ከሶዶ ወጡ። የመዘምራኑ መሪ ኤልሳዕ ብረቶቹን በገመድ እንሰራቸው ብሎ ነበር፤ ኤርሳዶ በዘጠኝ ዓመት ምንም ነገር ወድቆበት እንደማያውቅ ነገረው። ከመዘምራኑ አንዷ መንገድ ላይ ራሴን አሞኛል ስትል እንኳ ኤርሳዶ በመስታወቱ እያያት ቀልዶ ነበር፤ አይዞሽ፣ የእኛ መኪና ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ ናት ብሎ። ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ። ሰው ከገዛ ውሸቱ ጋር እንዴት እንደሚላመድ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ መንገዱን ከገበያ የሚመለስ ሰው ሞልቶት ነበር። ሙዝ የጫነ ጋሪ ድንገት ከጎን ገባበት። ኤርሳዶ ፍሬኑን ረገጠ፤ ጋሪውም አህያውም ባለ አህያውም ተረፉ። ከኋላ ግን አንዱ ማቆሚያ ብረት ተስፈንጥሮ መጣ። ጫፉ ላይ የነበረው ላስቲክ ከወደቀ ቆይቷል፤ ስለቱ የዘማሪዋን የምሕረትን የቀኝ ክንድ ከክርኗ በላይ ቀደደው።

ምሕረት ሁለተኛ ክፍል የምታስተምር፣ ድምፀ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። አልጮኸችም። ክንዷን አየች፣ ከዚያ ቀሚሷን አየች። ደሙ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል፤ ያንጠባጥባል አይደለም፣ ይወርዳል። ከመኪናው አውርደው ዳር ላይ አስቀመጧት። ኤልሳዕ ዘወር ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሳጥኑን ያውርዱልኝ» አለ።

ኤርሳዶ ሳጥኑን አወረደ። እጁ ያወቀችውን አደረገ፤ አወረደ። ኤልሳዕ ይክፈቱት ሲለው ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ፤ ዘመነችም ጭምር። የመኪናው ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ትንሿ ቢጫ ቁልፍም ከእሱ ጋር በአንድ ቀለበት ታስራ ኪሱ ውስጥ ነበረች፤ በጨርቁ ላይ ቅርጿ ይሰማው ነበር።

«ቁልፉ ቤት ቀረ» አለ።

ኤልሳዕ ለመገረም ጊዜ አላባከነም። የጎማ መፍቻውን አምጥቶ ጓጉንቸሩን መምታት ጀመረ። ጓጉንቸሯ ትንሽ ትሁን እንጂ ጠንካራ ነበረች። ሁለት ወንዶች ሳጥኑን ያዙ፣ ኤልሳዕ መታ፤ ብረቱ ተጣመመ እንጂ አልተከፈተም። ሌላው ድንጋይ አመጣ። የምሕረትን ክንድ አንዲት ዘማሪ በሁለት እጇ ጨብጣው ነበር፤ እሷም ታለቅሳለች። ማንም ሌላ ነገር አላሰበም፣ ሁሉም የሚያስበው ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ሰፊ ፋሻ ነበርና። ከአጠገባቸው የሚረዳ ነገር አለ ብለው ባያምኑ ኖሮ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ያገኙትን ጨርቅ ቀድደው ያስሩ ነበር።

ኤርሳዶስ? ቆሞ ነበር። አሁን የምናገረውን እሱ ለሚስቱ ለጥሩነሽ እንኳ ለብዙ ቀን አልነገራትም። ኤልሳዕ በመታ ቁጥር ኤርሳዶ በልቡ ይጸልይ ነበር። ጸሎቱ ስለ ምሕረት አልነበረም። ጌታ ሆይ፣ አይከፈት፤ ይል ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ካመነ ጀምሮ እንደዚያ አጥብቆ የጸለየበትን ቀን አያስታውስም።

አልተሰማለትም። ጓጉንቸሯ ተበጠሰች። ኤልሳዕ ክዳኑን ገለጠና በዘይት የጠቆረውን ጨርቅ ጎተተ፤ ሁለቱ የፍሬን ሸራዎች አስፋልቱ ላይ ወደቁ። ዘመነች ናት ከሁሉ ቀድማ የነቃችው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጫፉን በጥርሷ ነክሳ ለሁለት ቀደደችው፤ ከቁስሉ በላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረች፣ በቀሪው ቁስሉን ጠቅልላ ይዛ ተቀመጠች። ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ሳጥኑ ግን አምስት ደቂቃ ወስዶ ነበር።

ምሕረትን ከኤርሳዶ ጎን፣ ከፊት ወንበር ላይ ደግፈው አስቀመጧት። ኤልሳዕ ከኋላዋ ሆኖ እንዳትተኛ፣ ዓይኗን አንድ ነገር ላይ እንድታደርግ ደጋግሞ ይነግራት ነበር። ኤርሳዶ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ሶዶ ሽቅብ በረረ። ከኋላው ሰዎቹ ይነጋገራሉ። ሌባ ነው፣ ይላሉ። ዕቃውን ወስዶ እንዳይታወቅበት ጨርቅና ብረት ጠቅጥቆበት ሄደ፤ ምን ዓይነት ልብ ያለው ሰው ነው፣ ይላሉ። አንዱማ «አይ ጋሽ ኤርሳዶ፣ እንዴት አዝኖ ይሆን» ብሎ አዘነለት። ኤርሳዶ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ነገር ግን «ልክ ነው፣ ሌባ ነው» የሚል ድምፅ ሰማ፤ ድምፁ የራሱ ነበር።

ሆስፒታል ሲደርሱ ፊቷ ገርጥቶ ነበር። ደም ተሰጣት፣ ቁስሉ ተሰፋ፣ ተረፈች። ሐኪሙ ወጥቶ ይህን ያህል ደም እስኪፈስ ለምን ወዲያው እንዳላሰሩት ጠየቀ። ኤልሳዕ ሳጥን እየሰበርን ነበር አለው። ሐኪሙ አልገባውም። ኤርሳዶ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ማንበብ ጀመረ፤ አራት ጊዜ አነበበው፣ ዛሬ ምን ይል እንደነበር ብትጠይቁት አያውቅም።

ማክሰኞ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው አቶ ብሥራት ሲሆኑ፣ ነገሩን ለማጣራት ሲሉ መኪናው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲያድር ማን ይጠብቀዋል ብለው ጠየቁ። መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ አባባ ገብረማርያም። አባቱ ከጉራጌ ለንግድ መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ እሱም እዚሁ ተወልዶ ያረጀ፣ አሥራ ሦስት ዓመት የግቢው ዘበኛ የሆነ ሰው ነው። የመኪናው ትርፍ ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው፤ ጠዋት መኪናውን የሚያጥበውም እሱ ነው። አቶ ብሥራት ወደ ኤርሳዶ ዞሩና የሳጥኑ ቁልፍስ የት ይቀመጥ እንደነበር ጠየቁት። ኤርሳዶ አንዱ ቤት፣ አንዱ ግቢው ውስጥ መሳቢያ ነበር አለ። ለሳጥኑ ሁለተኛ ቁልፍ ኖሮት አያውቅም። ውሸት ብቻዋን አትኖርም፤ ጓደኛ ትፈልጋለች።

አባባ ገብረማርያም ተጠርቶ ገባ። ቆቡን አውልቆ ቆመ። ወስደህ እንደሆነ ተናገር፣ ይቅር እንላለን ሲሉት ኤርሳዶን አየ። ምናልባት አሁን አንድ ቃል ይላል ብሎ ጠብቆ ይሆናል። ዘጠኝ ዓመት ጠዋት ጠዋት ሻይ አብረው ጠጥተዋል። ኤርሳዶ ጫማውን አየ።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለ አባባ ገብረማርያም። «እኔ የተቆለፈ ነገር አልከፍትም።»

ነገሩ እስኪጣራ ቤቱ እንዲቀመጥ ነገሩት። ባትሪውንና የዝናብ ካፖርቱን አስረክቦ ወጣ። ካፖርቱን አጣጥፎ ነው ያስረከበው።

ከዚያ ወዲህ ኤርሳዶ ምግብ አልዋጥልህ አለው። ጥሩነሽ ሙቅ ሾርባ አቀረበችለት፤ ተወው። አመመህ ወይ ስትለው ደክሞኝ ነው አላት። ማታ ሲተኛ ጓጉንቸሩ ሲመታ ይሰማዋል። ሁለት ጊዜ ወደ አባባ ገብረማርያም ቤት ተነሥቶ ሄደ፤ ሁለት ጊዜም ከመንገድ ተመለሰ። በሦስተኛው በሩ ድረስ ደርሶ ነበር፤ የሽማግሌውን ሚስት ውኃ ስታወጣ አያትና የተላከ መስሎ አለፈ።

በሳምንቱ ምሕረትን ሊጠይቅ ሄደ። አለመሄድ አይችልም፤ ሰው ሁሉ ጠይቋታል። አቮካዶና ሙዝ በፌስታል ይዞ ገባ። ቤቱ በጠያቂ ሞልቶ ነበር። እናቷ ተነሥታ እጁን በሁለት እጇ ይዛ፣ ልጄን እንደ ንስር በረህ ያደረስክልኝ አንተ ነህ፣ ጌታ ይባርክህ አለችው፤ ጠያቂዎቹም አሜን አሉ። ኤርሳዶ የቀረበለትን የቦዬ ሥር ቅቅል በላ። መራራ ነበር የሚል ሰው ቢኖር ይዋሻል፤ ቦዬው ጣፋጭ ነበር፣ ያልጣፈጠው እሱ ነው።

ሊሄድ ሲነሳ ምሕረት ክንዷን በጨርቅ አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ልትሸኘው ተነሣች። እናቷ አንቺ ተቀመጪ አለቻት፤ እስከ በሩ ብቻ ነው ብላ ወጣች። በሩ ላይ ቆሙ። የጎረቤት ባጃጅ እስኪያልፍ ጠበቀችና በዝግታ ተናገረች።

«ጋሼ፣ ያኔ ኤልሳዕ አንድ ነገር እያየሽ እንዳትተኚ ብሎኝ ነበር። ከፊቴ የነበረው የመኪናው ቁልፍ ነው። አብራው የታሰረች ትንሽ ቢጫ ቁልፍ ነበረች። እስከ ሆስፒታል እሷን ነው ሳይ የነበረው። በዞርን ቁጥር ትወዛወዝ ነበር።»

ኤርሳዶ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

«ለማንም አልነገርኩም» አለች። «ለእናቴም። እርስዎ የሚሉት ይኖራል ብዬ ነው። አባባ ገብረማርያም ግን ሳምንቱን ሙሉ ቤታቸው ተቀምጠዋል።»

ከዚያ ስለ ሙዙ አመስግና ገባች።

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ሰው ሲሰድብህ ቢያንስ መልስ ታበጃለህ፤ እሷ ግን ምንም አላለችውም፣ ያየችውን ብቻ ነገረችው። ያን ማታ ጥሩነሽን አስቀምጦ ሁሉንም ነገራት፤ ጸሎቱን ጭምር። ጥሩነሽ፣ «እኔ ምን እላለሁ፣ ለእነሱ ንገራቸው» ብላው ወደ ጓዳ ገባች። ፊቷን እንዳያይ ነው የገባችው፤ ያን አወቀ።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ምሕረት ወጥታ ጌታን አመሰገነች፣ ነጠላዋን የቀደደችላትን ወይዘሮ ዘመነችን አመሰገነች፣ ደም የሰጧትን አመሰገነች። የኤርሳዶን ስም አልጠራችም። ቀጥላ ዘመነች ተነሣች። የእናቶች ኅብረት ሌባው ተስፋ እንዳያስቆርጠን ብሎ አዲስ ሳጥን አዘጋጅቷል አለች፤ ይኸኛው ከበፊቱ ይበልጣል፣ ሁለት ጓጉንቸር አለው። ዕቃውን እንደ በፊቱ አንድ በአንድ እያነሳች አሳየች። ከዚያ፣ «ወንድም ኤርሳዶ መጥቶ ይረከበን» አለች።

ሕዝቡ አጨበጨበ። ኤርሳዶ ከመቀመጫው እስከ መድረኩ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄደው አያውቅም። ዘመነች ሳጥኑን ዘረጋችለት። እጁን አልዘረጋም። ይልቅ ከኪሱ የመኪናውን ቁልፍ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ቢጫዋ ቁልፍ ከጎኑ ተጋደመች።

«ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር» አለ። ማይክ አልያዘም፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙም። አቶ ብሥራት ማይኩን አቀበሉት። ኤርሳዶ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ መቀሱን፣ ፋሻውን፣ የቦሎውን ሰልፍ፣ የፍሬን ሸራውን። «ምሕረት ስትደማ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሳጥኑ እንዳይከፈት ጸልያለሁ። ሁለተኛ ቁልፍ አለ ብዬም ሽማግሌዎችን ዋሽቻለሁ። አባባ ገብረማርያም አልሰረቀም። የሰረቀ ሰው የለም። ባዶ ነበር፤ ባዶ መሆኑን ሰው እንዳያይብኝ ነው።»

ማይኩን ዝቅ አደረገ።

በዚያች ቤተ ክርስቲያን ለሁሉም ነገር አሜን ይባላል ብያችሁ ነበር። ለዚህ አልተባለም። ዘመነች ሳጥኑን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ኤልሳዕ ያን ጓጉንቸር የመታበትን እጁን እያየ ተቀምጧል። የምሕረት እናት በሁለት እጇ የያዘችውን የኤርሳዶን እጅ ያስታወሰች ይመስል መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ኤርሳዶ ያን አየ። ማየት ያልፈለገው አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነበር፤ እሱን አየ።

አዳራሹ በር አጠገብ፣ ዘበኛ ሆኖ ሳለ ይቀመጥባት በነበረችው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አባባ ገብረማርያም ተቀምጦ ነበር። ከሥራ ቢታገድም እሑድ ቀርቶ አያውቅም። ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር። ቀስ ብሎ ተነሣና ያረጀ ድምፁን ጠራርጎ፣ ብቻውን፣ «አሜን» አለ።

ኤርሳዶ ሁለት ዓመት ሙሉ ዳግም ሲመኛት የኖረው አሜን ይህች ነበረች፤ ለእሱ ብቻ የተባለች። ማይኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከቁልፎቹ አጠገብ አስቀመጠ። አንገቱን እንደደፋ ቆመ፤ በሩ ወዳለበት ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።